የአያ ምንይችልን ፈረስ ስታንዳርዳይዝ ያደረግሁ ዕለት

ወገን፣ ቪዲዮው ስልካችሁ ላይ ሳይደርስ በፊት ከራሴ አፍ ስሙት።

አዎ፣ ሹል ጫማ አድርጎ ከፈረስ ኋላ የሚሮጠው እኔ ነኝ። «አያ፣ ልጓሙን ይሳቡት!» እያለ የሚጮኸው ድምፅም የኔው ነው። ክራቫቱ ወደ ኋላ ዞሮ ጀርባዬን ሲመታኝ የሚታየው ደግሞ ኤዲት አይደለም።

ሰው ሰርግ ሄዶ ይጨፍራል። ሰው ሰርግ ሄዶ በልቶ ጠጥቶ ይመጣል። እኔ ሰርግ ሄጄ የሙሽራውን አባት አስጠለፍኩ!

በፈረስ።

ጣጣው ሁሉ የመጣው በአንዲት ቃል ነው። «ስታንዳርዳይዝ»!

እንጅባራ ጥራት የሚባል ክፍል ውስጥ እንደምሠራ ታውቃላችሁ። መሥሪያ ቤቴ ባሕር ዳር ሥልጠና ላከኝ። አሠልጣኙ አንድ ብሎን ከኪሳቸው አወጡና፣ «ይሄ ቢጠፋ ሌላ ገዝታችሁ እዚሁ ቀዳዳ ታስገባላችሁ። ማንም ልዩነቱን አያውቅም። ስታንዳርዳይዝ ማድረግ ማለት አንዱ ሌላውን እንዲተካ አድርጎ መሥራት ነው» አሉ። እኔ ያን ጊዜ የምሳው ዓሣ ጥብስ ነው ወይስ ጉላሽ የሚለውን እያሰላሰልኩ ነበር። ስለዚህ ቃሏን ይዤ፣ ብሎኑን እዚያው ትቼ ተመለስኩ።

ቃሏ ግን እንዴት ትጣፍጣለች!

አስተውላችሁ ከሆነ፣ ስብሰባ ላይ «ሁሉንም አንድ ዓይነት እናድርገው» ብትሉ አንዱ ተነስቶ «ለምን?» ይላችኋል። «ስታንዳርዳይዝ እናድርገው» ስትሉ ግን ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ለምን ብሎ የጠየቀ ሰው ቃሉን እንደማያውቅ ይታወቅበታላ! እኔም ይህን ስለደረስኩበት ጠዋት ማታ እሷን ብቻ ሆነ።

የድንች ጆንያውን ስታንዳርዳይዝ እናድርግ አልኩ። አለቃዬ ተደሰቱ። የቢሮ ወንበር አቀማመጡን ስታንዳርዳይዝ አልኩ። አከራዬ እትዬ ውዴ ግቢ የጫማ ማውለቂያውን ስታንዳርዳይዝ እናድርግ ብዬ ባለ አምስት ረድፍ መደርደሪያ ሠራሁላቸው። እትዬ ውዴ አሁን ዶሮ አስፍረውበታል። እንቁላሉ ግን በረድፍ ነው የሚገኘው፣ ይሄን ልክዳቸው አልችልም።

ትርጉሟን የጠየቀኝ ሰው ካለ ደግሞ እንደ ሰውየው እመልሳለሁ። ለአለቃ «ጥራት ማስጠበቅ» ነው። ለእትዬ ውዴ «ማስተካከል» ነው። ለጓደኞቼ «ባክህ ኢንተርናሽናል ነገር ነው» ብዬ አልፋለሁ። እኔ ራሴ ምን ማለት እንደሆነ ካሰብኩበት ቆይቻለሁ።

እሺ፣ ወደ ሰርጉ ልግባ።

ሙሽራው ይበልጣል ይባላል፤ የቢሮ ጓደኛዬ ነው። እህቱ ስመኝ ደግሞ... እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? ስመኝ ስመኝ ናት። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ተነጋግረን ጨርሰናል። ከኛ ከሁለታችንና ከይበልጣል በቀር ማንም አያውቅም። አባቷ አያ ምንይችል እኔን የሚያውቁኝ «ያ የይበልጣል ባልደረባ» ብለው ብቻ ነው። እናም ሽማግሌው ከመሄዱ በፊት ዐይናቸው ውስጥ ልግባ ብዬ አሰብኩ።

ገባሁ። እንደ ጉድፍ።

አያ ምንይችል ዘንገና አካባቢ ፈረስ በተነሳ ቁጥር ስማቸው የሚነሳ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ፈረሰኛ ሁሉ ከኋላቸው ነው የሚጋልብ። እሳቸው ሲዞሩ ይዞራል፣ ሲቆሙ ይቆማል። ዛሬም ሙሽራዋ በመኪና አስፋልቱ ድረስ ስትመጣ፣ እሳቸው ከፊት ሆነው፣ ፈረሰኛው ተከትሎ፣ ወጥተው ሊቀበሏት ነበር። ልብ በሉ፣ «ነበር» ነው ያልኩት።

እኔ እዚህ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገኝ?

ከሰርጉ በፊት ፈረሶቹን አየኋቸው። አንዱ ቀይ የሱፍ መርገፍ ግንባሩ ላይ ተንጠልጥሎበታል። አንዱ ቃጭል አለው። አንዱ የኮርቻው ልብስ አረንጓዴ፣ የሌላው ቢጫ፣ የሌላው የድሮ መጋረጃ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። አንዱ ግንባሩ ላይ መስተዋት ተለጥፎለታል፤ መስተዋት! ፈረስ መስተዋት ምን ያደርግለታል? ፎቶ ላይ ዝብርቅርቅ ሊል ነው አልኩ። ከዚያ አፌ ራሱ ተከፈተ።

«አያ፣ ለምን ስታንዳርዳይዝ አናደርጋቸውም?»

አያ ምንይችል አዩኝ። «ምን ማለት ነው?»

«መልክ ማስያዝ ማለት ነው፣ አያ።»

«ፈረሶቹ መልክ አልነበራቸውም?» አሉ።

እኔ የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ! ስመኝ ከበሩ ላይ ሆና በዐይኗ «ተው» አለችኝ። አልተውኩም። ይበልጣል «አባዬ፣ ጥራት ላይ የተማረ ልጅ ነው፣ እስኪ እንመነው» አለ። እሳቸውም ለልጃቸው ሰርግ ሲሉ እሺ አሉ። ዳንግላ ገበያ ወረድኩ፣ ሰማያዊ ጨርቅ በጥቅል ገዛሁ፣ ለሁሉም ፈረስ አንድ ዓይነት የኮርቻ ልብስ፣ አንድ ዓይነት የደረት ማሰሪያ፣ አንድ ዓይነት የግንባር መሸፈኛ አሰፋሁ። መርገፉን፣ ቃጭሉን፣ መስተዋቱን በሙሉ አስወልቄ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩ።

ዛሬ ጠዋት ሲሰለፉ ብታዩአቸው! ሰማያዊ በሰማያዊ። ባለ ካሜራው እንኳን «ብራዘር፣ ይሄ ፊልም ነው» አለኝ። ደረቴን ነፋሁ። የስመኝ እናት ሳይቀሩ «ይህ ልጅ እጀ ወርቅ ነው» ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ በልቤ ሽማግሌ ልኬ፣ አጭቼ፣ ተሞሽሬ፣ የልጄን ስም እያወጣሁ ነበር።

ከዚያ ዕጣዬ ደረሰ።

እንደምታውቁት ትልቅ ሰው ፈረስ ሊወጣ ሲል ወጣት ይቀርብና ልጓሙን ጨብጦ እርካቡን ይይዝለታል። ክብር ነው። ልጅ ለአባቱ፣ አማች ለአማቱ የሚያደርገው ነገር ነው። ስመኝ ጎኔ መጥታ «ሂድ ያዝላቸው!» ብላ ሹክ አለችኝ። እኔም ሄድኩ።

አያ ምንይችል ከዳሱ ወጥተው ከእንግዶች ጋር እየተሳሳሙ፣ እየተመራረቁ ናቸው። ወደ ፈረሱ አያዩም። ለምን ያያሉ? ፈረሱን የያዘላቸው ሰው አለ!

ችግሩ እኔ ስለ ፈረስ የማውቀው የዳንግላ ጋሪ ላይ መሳፈርን ብቻ ነው። የእሳቸውን ዳማ ፈረስ እስከዛሬ የምለየው ግንባሩ ላይ ባለው ቀይ መርገፍ ነበር።

መርገፉ የት ነው?

ማዳበሪያ ውስጥ!

ማን ከተተው?

እባካችሁ አትጠይቁኝ።

ዳማ መልክ ያላቸው ሦስት ፈረሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ሦስቱም ሰማያዊ ለብሰዋል። ሦስቱም ያዩኛል። ሰው መጠየቅ እችል ነበር፣ ነገር ግን እርካብ ሊይዝ የሄደ ሰው «የትኛው ነው?» ብሎ ይጠይቃል? በእግዜር ስም አልኩና የመሀለኛውን ያዝኩ። ረጋ ያለ መሰለኝ። «አያ፣ ይውጡ!» አልኩ። ወጡ።

ኮርቻው ላይ ገና እንደተቀመጡ ፊታቸው ተለወጠ። «ይሄ የኔ...» ብለው ጀመሩ።

አልጨረሱትም። ልክ በዚያ ሰዓት ሴቶቹ እልል አሉ፣ ወንዶቹ ሆ አሉ፣ ከበሮው ተመታ። ፈረሱም ተነሳ።

ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል። የት እንደሚያደርስ ግን የነገረኝ የለም።

አስፋልቱ በስተግራ ነው። ፈረሱ በስተቀኝ ታጠፈ። እኔ መሬቱ ላይ የወደቀ ባርኔጣቸውን አንስቼ በሩጫ ተከተልኩ። አጠገቤ ደሳለኝ የሚባል የይበልጣል ጓደኛ እየሮጠ ነው፤ እየሮጠ ይስቃል። «ምን ያስቅሃል?» አልኩት። «የኛን ፈረስ ነው ያስወጣሃቸው! ወደ ቤቱ ነው የሚሄድ!» አለኝ።

«የእናንተ ቤት የማን ቤት ነው?»

«የአያ ጥሩነህ።»

አያ ጥሩነህ የደሳለኝ አባት ናቸው። ልጆቹ ጓደኛሞች ይሁኑ እንጂ አባቶቹ አይነጋገሩም። ድሮ አንድ ሰርግ ላይ ሽምጥ ጋልበው፣ «የኔ ቀደመ»፣ «የለም የኔ ነው የቀደመ» ተባብለው እንደተኳረፉ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን እንኳን በተለያየ በር ነው የሚገቡት። ለዛሬው ሰርግ አገር ምድሩ ሲጠራ ያልተጠሩ ብቸኛው ሰው እሳቸው ናቸው!

ከዚህ የባሰ አይመጣም ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ወደ ኋላ ዞር በሉ። እኔ ዞር ብያለሁ።

ፈረሰኛው በሙሉ እየመጣ ነው! ነግሬአችሁ የለ፣ እሳቸው ሲዞሩ ይዞራል። መሪያቸው ወደ ቀኝ ታጠፉ፣ ፕሮግራሙ የተለወጠ መሰላቸው፣ ሁሉም ሰማያዊያቸውን እያውለበለቡ ወደ ቀኝ። አስፋልቱ ዳር ሙሽራዋ ከመኪና ወርዳ ቆማለች። ማንም የለም። ከሩቅ አቧራ ብቻ ይታያታል፤ አቧራውም ይርቃታል።

ብሎኑ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። «ማንም ልዩነቱን አያውቅም» ብለው ነበር አሠልጣኙ። ብሎን ቤት የለውም፣ ጌታ የለውም፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈ አያውቅም። ስታንዳርዳይዝ የሚደረገው እንዲህ ያለው ነው። እንዴት ያለ ጥሩ ትምህርት ነበር ባካችሁ! ምነው ዓሣውን ባልበላሁት።

አያ ጥሩነህ ግቢ ስደርስ ትንፋሼ አልቋል። ያየሁትን ግን እስክሞት አልረሳውም።

ሽማግሌው ቤታቸው ደጃፍ ብቻቸውን ነበሩ። ያልተጠራ ሰው፣ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ጫማውን አስወልውሎ፣ ምናልባት ብሎ ተቀምጦ ነበር። አንጀቴን በላኝ። ሰማያዊ የለበሰ ፈረስ ግቢያቸው ሲገባ የራሳቸው ፈረስ እንደሆነ እንኳን አላወቁትም። ፈረሰኛ ልከው የጠሯቸው መሰላቸው። ብድግ ብለው ሮጠው «ይውረዱ! ቤት ለእንግዳ! ይውረዱ!» እያሉ እርካቡን ያዙ።

ከዚያ ቀና አሉ።

አያ ምንይችል ከላይ፣ አያ ጥሩነህ ከታች። እርካቡ መካከል። ፈረሰኛው ግቢውን ሞልቶታል። ፈረሱ አንገቱን ዘርግቶ የለመደው ገንዳ ውስጥ አፉን ከቶ ውኃ ይጠጣል።

አያ ምንይችልን አስቡልኝ። ምን ይበሉ? «ፈረስ ይዞኝ ጠፋ» ይበሉ? በዚያ ሁሉ ፈረሰኛ ፊት? እሳቸው? ከሚሉት ሞት ይሻላቸዋል!

እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝና ሁኔታውን ላብራራ ፈለግሁ። «አያ ጥሩነህ፣ ይቅርታ፣ ፈረሱ ተሳስቶ...»

«ዝም በል አንተ!» አሉ አያ ምንይችል። እንዲህ ያለ ዝም በል ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደ ታች አዩ፣ እንዲህ አሉ፦

«ጥሩነህ፣ ልጠራህ ነው የመጣሁ።»

አያ ጥሩነህ ፈረሱን አዩ። ሰማያዊውን ጨርቅ ገለጥ አድርገው ግንባሩን አዩ። ገንዳውን አዩ። ገባቸው! በደንብ ገባቸው! ጢማቸው ውስጥ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ስለ ፈረሱ ግን አላነሱም።

«ይህን ሁሉ ፈረሰኛ አስከትለህ መጥተህማ እንዴት እቀራለሁ» አሉ። «ደሳለኝ፣ በቅሎዬን ጫን።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ጎን ለጎን ሆነው ወደ ዳሱ ተመለሱ። በአዊኛ እያወሩ። እኔ አዊኛዬ ደካማ ነው፤ ነገር ግን በየመሀሉ «ስታንዳርዳይዝ» የምትል ቃል ስትወጣና ሁለቱም ወደ ኋላ ዞረው ሲያዩኝ፣ ስለ ዝናብ እንደማያወሩ ተረዳሁ።

ሙሽራዋስ? ሙሽራዋ ጠብቃ ጠብቃ ሲሰለቻት ቬሎዋን ሰብስባ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ሜዳውን አቋርጣ በእግሯ ዳስ ገብታ አገኘናት። አያ ምንይችል ፊቷ ቆመው «ልጄ፣ ይቅር በይን፣ የጠራናቸው ትልቅ ሰው ነበሩ» አሏት። አያ ጥሩነህም ደረታቸውን ቀና አድርገው ባረኳት። የሙሽራዋ ዘመዶች ትንሽ በረድ አሉ። ማን እንደሆኑ አላወቁም፣ ግን ያ ሁሉ ፈረስ የሄደላቸው ሰው ተራ ሰው አይሆንም።

አበቃ ብዬ ከዳሱ ጥግ ከጠላው ጋን ጀርባ ተሸሸግሁ። አላበቃም።

ሰው ሁሉ በልቶ ሲረጋጋ አያ ምንይችል ብድግ አሉ። «እርካቤን የያዘልኝ ልጅ የት አለ?»

ጋኑ ጠቦኝ ነበርና ሁሉም ያየኛል። ወጣሁ። መሀል ዳስ ቆምኩ። ባርኔጣቸው አሁንም እጄ ላይ ነው።

«ይህን ልጅ እዚህ ቤት ያመጣው ማን ነው?» አሉ።

ሁሉም ወደ ይበልጣል ዞረ። ይበልጣል ሙሽራ ነው፣ ድስቱ ውስጥ ሊገባ የፈለገ ይመስል ወጡን ትክ ብሎ ያያል። ወዳጅነት እዚህ ላይ እንደሚያበቃ እወቁት! ሽማግሌ የመላኩ ነገር ዛሬ እዚሁ ሲቀበር በዐይኔ አየሁት።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

ስመኝ ናት።

ሽማግሌ ሳይላክ! ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት! እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እኔ ባርኔጣውን አጨማደድኩት፤ ከፍርሃት ይሁን ከደስታ እስካሁን አልለየሁም። ይህችን ልጅ ምን አድርጌ እንዳገኘኋት አላውቅም፣ ግን በጥራቴ እንዳልሆነ ርግጠኛ ነኝ።

አያ ምንይችል እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከጎናቸው የተቀመጡትን አያ ጥሩነህን አዩ። አያ ጥሩነህ ብርሌያቸውን እንደያዙ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

«ሽማግሌ ልትልክ አስበሃል?» አሉኝ።

«ከፋሲካ በኋላ፣ አያ።»

«ላክ። በፈረስ ግን እንዳይመጡ። በባጃጅ ላካቸው። ባጃጅ ሁሉም አንድ ነው፤ የቱንም ብትይዝላቸው ወደ ራሱ ቤት አይወስዳቸውም።»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ቪዲዮው ላይ ያለው ሳቅ እሱ ነው። እኔም ሳቅሁ፣ ስመኝም ሳቀች፣ ሙሽራዋ እንኳን ከነአቧራዋ ሳቀች። ሥልጠና ሄጄ ያልገባኝን አያ ምንይችል በአንድ ባጃጅ አስገቡልኝ፣ ከዚያ ባርኔጣቸውን ከእጄ ነጥቀው ሄዱ።

እናም ወገን፣ አሁን አንድ ነገር ነው የጨነቀኝ። አጎቶቼ ግዙፍ ናቸው፤ ጋቢያቸው ደግሞ ወፍራም። የምታውቁ ካላችሁ በኮመንት ንገሩኝ፦ አንድ ባጃጅ ስንት ሽማግሌ ይይዛል?

ስታንዳርዱን ማለቴ ነው።